ውስጡ ሮማን የነካው ጋቢ

ሐምሌ 5

ነገሩ የጀመረው ከሳጥን ነው። እናቴ የአባቴን ጋቢ ልታወጣ ሳጥኑን ስትከፍት ሽታው ቤቱን ሞላው። እጥፋቱ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ አለ። ሻጋታ ነው። ግንቦት ላይ ታጥቦ፣ ደርቋል ብለን ነበር ያስገባነው። ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ሐምሌ ከገባ ጦሳ ጉሙን ይለቅብንና ገመድ ላይ ሦስት ቀን የዋለ ልብስ እንደተሰጣ እርጥብ ሆኖ ይወርዳል። ጥጥ ደግሞ ደረቀ ሲባል እንኳ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል ውሃ እንደያዘ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ላዩ ቢደርቅ መሃሉን ማን አይቶት።

በበረኪና ነጠብጣቡ ይለቅ ይሆናል፣ ግን ጥለቱም አብሮ ይሄዳል። በሳሙና አጠብነው፣ ሽታው ቀነሰ፣ ነጠብጣቡ አልወጣም። አባቴ ምንም አላለም፣ ለበሰው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት ሲንጀር ይዤ ነው የምሠራው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ የተማረች ጓደኛ አለችኝና ማታ ደወልኩላት። ጨርቅ ከተሸመነ በኋላ የሚነከርበት ነገር ፊኒሽ ይባላል አለችኝ። ሻጋታና ሽታ እንዳይዘው ፋብሪካዎች ብር (ማዕድኑን ማለቷ ነው) እና ሌሎች ኬሚካሎች ይጠቀማሉ። ከተክልም ይሠራል። ኒም፣ እሬት፣ የሮማን ልጣጭ፣ ባህር ዛፍ። "ችግሩ መሥራቱ አይደለም፣ ታጥቦ መቆየቱ ነው" አለችኝ። ይቺን ደብተሬ ላይ ጻፍኳት።

እንግዲህ ዓላማዬ ይሄ ነው። እዚሁ በሚገኝ ተክል የታከመ፣ የማይሻግት፣ ቢያንስ አሥር ጊዜ ታጥቦ የሚቆይ ጋቢ።

ሐምሌ 9

ለሙከራ አራት ሜትር አቡጀዴ ገዛሁ። በጋቢ መሞከር አልደፈርኩም። ኒሙን የኮምቦልቻዋ ጓደኛዬ ቅጠሉን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ በሚኒባስ ላከችልኝ፣ ለሹፌሩ 50 ብር።

ግማሽ ኪሎ ቅጠል ወቀጥኩ፣ በአምስት ሊትር ውሃ ቀቀልኩ፣ አጠለልኩ፣ አቡጀዴውን ዘፈዘፍኩ። ጨርቁ ላይ ውሃው እንደ ቅባት ተንኳልሎ ቀረ። አልገባም! አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ያው ነው። አቡጀዴ ከፋብሪካ ሲወጣ ስታርች የጠጣ፣ የጥጡም የራሱ ሰም ያልወጣለት ነው። ይሄን እያወቅኩ ረሳሁት። ልብስ ስሰፋ በየቀኑ የማየው ነገር እኮ ነው።

ሁሉንም አውጥቼ በሶዳና በሳሙና አንድ ሰዓት ቀቀልኩት። የወጣው ውሃ ሻይ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ጠብታ ውሃ ሲነካው ወዲያው መጠጠ። መጀመሪያ መደረግ የነበረበት ይሄ ነው። የእጅ ፈትልም ያው ነው፣ የጥጡ ሰም ገና አልወጣለትምና።

ሐምሌ 15

ኒም ከሸፈ። የመጀመሪያው ችግር ሽታ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና የበሰበሰ ሣር አንድ ላይ። እናቴ ቁራጩን አሽትታ "ይሄን ለብሶ ከሚተኛ ሻጋታው ይሻላል" አለች። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ በሳሙና አጥቤ ውሃውን ሳየው አረንጓዴ ነው፣ ማለት የነከርኩት ነገር በሙሉ እየወጣ ነው። ሦስተኛውን ጓደኛዬ ነገረችኝ። ኒም ተባይ የሚያባርርበት ዋናው ንጥረ ነገር ፀሐይ ላይ ቶሎ ይፈርሳል። እኛ ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ ልብስ ይዘን የምንሮጥ ሰዎች ነን።

ሐምሌ 18

አጭር ሙከራ፣ ሁለት ቀን። በወይራና በጥንጁት ጭስ አጠንኩ። እናቴ የወተቱን ዕቃ የምታጥነው ለምን ሆነና፣ ጭሱ ተህዋሲያን ይቀንሳል። ሽታውም ደስ ይላል። አንዴ ሲታጠብ ሄደ። የነጭ ባህር ዛፍ ዘይትም ነካክቼ ነበር፣ እሱ ደግሞ መታጠብም አላስፈለገው፣ ራሱ በንኖ አለቀ። የሚተን ነገር ጨርቅ ላይ አይቆይም። በቃ።

ሐምሌ 21

ሰኞ ስለሆነ ባቲ ወረድኩ። ገበያው እንደ ድሮው ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ሁሉም አለ። ለሮማን ብቻ ከደሴ ድረስ መጣች እያሉ ሳቁብኝ። ስድስት ኪሎ በ150 ብር ሂሳብ፣ 900 ብር። ትራንስፖርት ደርሶ መልስ ሌላ። ፍሬውን ቤተሰብ በላው፣ ልጣጩ 2 ኪሎ ከ700 ግራም ወጣው። ምድጃ አጠገብ ሰፌድ ላይ አራት ቀን አደረቅኩት (ፀሐይ የት አባቷ)። የቀረው 800 ግራም ገደማ ነው። ወርቅ ሆነ ማለት ነው!

ለምን ሮማን? ልጣጩ ታኒን የበዛበት ነው። ሻይ ስንጠጣ ምላስ የሚያኮማትረው ዓይነት ነገር። ቆዳ ፋቂዎች ቆዳ እንዳይበሰብስ የሚያደርጉት በዚሁ ዘር ነው። ባክቴሪያና ሻጋታ ሲነካው የራሳቸውን ፕሮቲን ይይዝባቸዋል። ጓደኛዬ የፀሐይ ጨረርም ይከላከላል ብላኛለች። ደሴ ውስጥ፣ በሐምሌ፣ ጋቢ ለብሶ ፀሐይ ያቃጠለው ሰው ካለ ልየው።

ሐምሌ 25

ዛሬ አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

160 ግራም ልጣጭ ወቅጬ አምስት ሊትር ውሃ ውስጥ አፈላሁ። ጨርቁ 800 ግራም ነው፣ ልጣጩ የጨርቁን 20 በመቶ ይሆናል ብዬ አስልቼ። ትልቁ የአሉሚኒየም ድስት በሰው እጅ ስለነበር የብረቱን ተጠቀምኩ። ውሃው መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡኒ፣ በመጨረሻ የወይራ ከሰል መሰለ። ጨርቁን ሳወጣው ጥቁር ግራጫ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ "ማን ሞተ?" አለች።

ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ፈረንጅ ለብዙ መቶ ዓመት የጻፈበት ቀለም የተሠራው በዚሁ ነው። እኔ ግን ቀለም አይደለም የፈለግኩት። 160 ግራም ልጣጭ፣ ሁለት ሜትር አቡጀዴ፣ የግማሽ ቀን ከሰል ገደል ገባ። ጥቁሩን ጨርቅ አልጣልኩትም፣ የቦርሳ ገበር አደረግኩት። እስካሁን አልሻገተም፣ ያናድዳል።

ከዚህ በኋላ አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ብቻ። ማማሰያም የእንጨት። የዛገ ባልዲ አጠገቡ እንዳይደርስ።

ሐምሌ 28

አዲስ ድስት ተዋስኩ። ልጣጭ መቆጠብ ስላለብኝ በትንሽ ጨርቅ፣ 200 ግራም ብቻ።

ሌላ ጅልነት። ቴርሞሜትር 420 ብር ገዝቼ ነበር። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ንባቡ 92 ላይ ቆመ። ተበላሽቷል ብዬ ሻጩ ጋ ተመልሼ ተጨቃጨቅኩ፣ ሰውየው ምን ያድርግ። ጓደኛዬ ስትሰማ በሳቅ ሞተች። ደሴ 2500 ሜትር ላይ ናት፣ እዚህ ውሃ በ100 አይፈላም፣ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው። ቴርሞሜትሩ ልክ ነበር። ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ሻጩ አሁን ባየኝ ቁጥር "ፈላ?" ይለኛል።

አሉም 1 ኪሎ 180 ብር ገዛሁ፣ ውሃ ለማጥራት የሚጠቀሙበትን። ጥጥና ታኒን ለብቻቸው አጥብቀው አይያያዙም፣ አሉሙ መሃል ገብቶ ድልድይ ይሆናል። መጀመሪያ አሉሙን፣ ቀጥሎ ሮማኑን አደረግኩ። ሲለቀለቅ ግማሹ ቀለም ወጣ። ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፤ መጀመሪያ ታኒን ሌሊቱን ሙሉ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ጠዋት ተጨምቆ አሉም ውስጥ (የጨርቁን ክብደት 15 በመቶ፣ ለብ ባለ ውሃ) ሁለት ሰዓት። በጣም ይለያል! የመለቅለቂያው ውሃ ሦስተኛው ላይ ጠራ። ጥጥ አሉምን ብቻውን ብዙም አይቀበለውም፣ ታኒን ከያዘ ግን ታኒኑ ይቀበልለታል።

ቀለሙ ቢጫ ሆኗል፣ የገለባ ዓይነት። ይሄ ነገር ቆይቶ እንደሚያጣላኝ ጠርጥሬያለሁ።

ነሐሴ 1

ላብራቶሪ የለኝም፣ ስለዚህ የራሴን ፈተና ፈጠርኩ። ሁለት ናቸው።

አንደኛው መቅበር ነው። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ የድንኳን ሸራ ይበሰብሳል አይበሰብስም የሚባለው እንዲህ ተቀብሮ ነው የሚፈተነው። ከጓሮ ፍግ የበዛበት አፈር በሳፋ አመጣሁ፣ አረጠብኩት፣ ያልታከመ ሁለት ቁራጭ፣ የታከመ ሁለት ቁራጭ ቀበርኩ። ምድጃ ጥግ አስቀመጥኩት፣ ውጭ ብርድ ስለሆነ አፈሩ ይተኛል።

ሁለተኛው የታናሽ ወንድሜ ቦቲ ነው። ጥበቃ ነው የሚሠራው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቦቲ አድርጎ ነው የሚያድረው፣ ሲያወልቅ ጎረቤት ያውቃል። ላብ ለብቻው አይሸትም፣ የሚያሸተው ላቡን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ከውስጥ የሚነጠፍ ጨርቅ ሰፋሁለት፣ ቀኙ የታከመ፣ ግራው ያልታከመ። ለሱም ለእናቴም የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነገርኩም። ዳኛዋ እናቴ ናት። አልወደደችውም ሥራውን።

ነሐሴ 8

እናቴ ሰባት ቀን አሸተተች። አምስቱን ቀን ግራው ይብሳል አለች፣ ሁለቱን ቀን "ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ውሰጂልኝ" አለች። አንድ ቀን ዘንቦበት የመጣ ቀን ነው፣ ቦቲው ራሱ ውሃ ጠጥቶ ነበር። አልከፋኝም።

ነሐሴ 15

ከአሥራ አራት ቀን በኋላ ቁራጮቹን አወጣሁ። ያልታከሙት በጣት ሲነኩ እንደ እርጥብ ወረቀት ተቀደዱ፣ አንደኛው ግማሹ የለም። የታከሙት ቆሽሸዋል፣ ቡኒ ሆነዋል፣ ግን ስስባቸው አልተቀደዱም። አንዱ ጥግ ላይ ሳስቷል። ቁራጩን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ፣ ለቡና የመጣ ሰው ሁሉ ጎትቶት ነው የሄደው።

ደስታው ግን አንድ ሌሊት ነው የቆየው። ሌላውን ናሙና በዱቄት ሳሙና አምስት ጊዜ አጥቤ ነበር። ገለባው ቀለም ወደ ነጭ ተጠግቷል። ቀለሙ ሲሄድ ታኒኑም እየሄደ ነው። አምስት አጠባ ማለት ለጋቢ የአንድ ዓመት ዕድሜ ይሆን ይሆናል፣ ለቦቲ ጨርቅ ግን የአንድ ወር።

ነሐሴ 18

ጓደኛዬ ሲትሪክ አሲድ ሞክሪ አለች። ሎሚ ውስጥ ያለው አሲድ ነው፣ ለምግብ ማቀነባበሪያ በዱቄት ይሸጣል። ጨርቁ ከታኒኑ ጋር በዚህ ተነክሮ፣ ደርቆ፣ ከዚያ በ160 እና በ180 ዲግሪ መካከል ለጥቂት ደቂቃ ሲጋል አሲዱ ከጥጡ ጋር እውነተኛ ትስስር ይፈጥራል፣ በዚያው ታኒኑንም ይዞ ያስቀራል። ፋብሪካ ውስጥ ይሄን የሚያፋጥን ሌላ ጨው አብሮ ይገባል፣ እሱን አላገኘሁም። ያለሱ ሥራው ዘገምተኛ ነው። ጥጡም ጥንካሬ ያጣል፣ አሲድና እሳት አንድ ላይ ለጥጥ ጥሩ አይደሉም።

ከአዲስ አበባ ግማሽ ኪሎ አስመጣሁ፣ 380 ብር።

ኦቭን የለንም። እና ምን አደረግኩ? የኤሌክትሪክ ምጣዱን! እናቴ ሰርግ ሄዳ ነበር። ምጣዱን አሞቅኩ፣ ጨርቁን ዘረጋሁበት፣ አክምባሎውን ከደንኩ። ሦስት ደቂቃ። ስከፍተው መሃሉ ላይ የእንጀራ ዓይን የሚመስል ቡኒ ክብ፣ ዳሩ ደግሞ ገና ለብ ያለ። ምጣድ መሃሉና ዳሩ እኩል አይሞቅም። እንጀራ ሲሆን ጋጋሪዋ ታውቅበታለች፣ ጨርቅ ግን ይቅር አይልም። ቡኒውን ክብ ስስበው ጠርቀቅ ብሎ ተቀደደ።

የባሰው ደግሞ ማግስቱን የተጋገረው የመጀመሪያ እንጀራ ኮምጠጥ ያለ የጨርቅ ሽታ ነበረው። ምጣዱን በጎመን ዘር ሦስት ጊዜ አሰስኩት። ስለዚህ ጉዳይ ቤታችን ውስጥ አይወራም።

ነሐሴ 20

ካውያ። የጥጥ ቁጥር ላይ ሲሆን 180 ወይም 200 አካባቢ ይደርሳል። አሲዱን ከሊትር ውሃ 60 ግራም ወደ 30 ቀነስኩ። ጨርቁን ካደረቅኩ በኋላ ከላይ ንጹሕ አቡጀዴ ሸፍኜ፣ እያንዳንዱን ቦታ ቆም እያልኩ ተኮስኩ። አንድ ሜትር ጨርቅ 40 ደቂቃ ወሰደ። ክንዴ አለቀ፣ መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፣ በትንሽ ጄነሬተር ካውያ አይሠራም።

ውጤቱ ግን አለ። በአምስት አጠባ የሄደው ቀለም ጥቂት ነው። እስከ ስምንት ድረስ ቀጠልኩ፣ ስምንተኛው ላይ እንደገና ሳሳ።

ለምን? ፒኤች ወረቀት ነክሬ አየሁ፤ ከ7 በታች ካሳየ አሲድ፣ ከ7 በላይ ካሳየ የአሲድ ተቃራኒ፣ አልካላይ ነው። የዱቄት ሳሙናው አረፋ 10 አካባቢ ያሳያል። ያ የአሲዱና የጥጡ ትስስር ደግሞ በእንዲህ ያለ አልካላይ ቀስ በቀስ ይፈታል። ማለት እኔ ሌሊቱን ሙሉ የማስረውን ሳሙናው ጠዋት ይፈታዋል። ጨርቁ ላይ ብቻ ስፈልገው የነበረው ችግር ግማሹ ሳፋው ውስጥ ነበር።

ነሐሴ 22

ይሄን ለእናቴ ሳወራላት "እኛ ነጠላ በሳሙና መች እናጥብ ነበር፣ በእንዶድ ነው እንጂ" አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። ወይ ጉድ። ወር ሙሉ ካጠገቤ ነበረች እኮ።

እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን በሚባል ነገር ነው፣ እንደ ዱቄት ሳሙና አልካላይ አይደለም። ፒኤች ወረቀቱ 6 አካባቢ አሳየኝ። በዚህ አጋጣሚ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቀንድ አውጣ ለሚያስተላልፈው የቢልሃርዚያ በሽታ መከላከያነት ያጠኑት። ቀንድ አውጣ ከገደለ ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አልደፋም፣ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ነው የማፈሰው። ሲወቀጥም አፍንጫና ዓይን ያቃጥላል፣ እኔ ነጠላ ተከናንቤ ነው የወቀጥኩት። ልጆች እንዳይበሉት መራቅ አለበት፣ መርዝ ነው።

በገበያ አንድ ቁና ለመግዛት ብዙ አልተቸገርኩም። አሁን ሁለት ናሙና ጎን ለጎን እያጠብኩ ነው፣ አንዱን በዱቄት ሳሙና፣ አንዱን በእንዶድ።

ጳጉሜን 2

በሁለቱም አሥር አጠባ ሞላ። የሳሙናው ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው። የእንዶዱ ገና ገለባ ነው። ሁለቱንም ቀበርኳቸው። እኔ እንኳን የተደነቅኩበት ሌላ ነገር አለ። ካውያ ያልነካው፣ አሲድ የሌለበት፣ ታኒንና አሉም ብቻ የሆነ ናሙናም በእንዶድ ሲታጠብ ብዙ አልሄደም። ታዲያ ያ ሁሉ የክንድ ሕመም ለምን ነበር? አሲዱን ተውኩት። ጨርቅ ከማሳሳት፣ ከመብራትና ከካውያ ተገላገልኩ።

መስከረም 5

የእንቁጣጣሽ ሰሞን አልፎ ሸማኔው ጋ ሄድኩ። ሼኽዬ እኔን ከልጅነቴ ያውቁኛል፣ የአባቴን ጋቢ የሠሩትም እሳቸው ናቸው። ገለባ ቀለም ያለውን ቁራጭ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት፣ በጣታቸው አሹት።

"ድሩ ደህና ነው። ግን ልጄ፣ ይሄ ጋቢ አይሆንም።"

"አይሻግትም እኮ ሼኽዬ።"

"አይሻግት። ቡላ ሆኗል። ቡላ ጋቢ ለብሶ ለቅሶ ቤት ማን ይገባል?"

እውነታቸውን ነው። ጋቢ ነጭ ነው፣ ነጭ ካልሆነ የቆሸሸ ነው። ሁለት ወር የደከምኩበትን ነገር ማንም አይለብሰውም። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሼኽዬም መወርወሪያቸውን እየወረወሩ ቆዩና "አብሽሪ፣ ሻጋታው የሚጀምረው ከየት ነው?" አሉኝ።

ከመሃል ነው። ላዩማ ይደርቃል። እርጥቡን ይዞ የሚያድረው ውስጠኛው ሁለት ድርብ ነው።

ስለዚህ ውስጡ ይታከም፣ ላዩና ታቹ ነጭ ይሁን። ይሄንን ማን እንዳለው አላስታውስም፣ እሳቸው እኔ ነኝ ያልኩት ይላሉ፣ ይሁንላቸው።

ችግር አለ። ጋቢ ሲሠራ ጨርቁ እየታጠፈ ነው የሚደረበው፣ አይቆረጥም። ውስጡን ለብቻው ለመንከር እጥፋቱ ላይ መቆረጥና ዳሩ እንደገና መሰፋት አለበት። ሼኽዬ መቁረጡን አልወደዱትም። እኔ ሰፊ ነኝ፣ እሱን ለኔ ተዉት አልኩ። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል፣ ጥለቱ ጠባብ። ጨርቁ ብቻ 2400 ብር። ቀሪው ልጣጭ አልበቃም፣ ባቲ በሰው አስልኬ 700 ብር ጨመርኩ።

መስከረም 14

ውስጠኛውን ሁለት ድርብ በሶዳ ቀቀልኩ፣ ሌሊት ታኒን፣ ጠዋት አሉም፣ አለቀለቅኩ። ሁለቱን ነጭ ከላይና ከታች አድርጌ ሰፋሁት። አምሮ ወጣ። ከውጭ ማንም አያውቅም። ዳሩን ገለጥ ስታደርጉት ብቻ ገለባው ብቅ ይላል፣ እኔ እንዲያውም ወደድኩት።

መስከረም 17

በእንዶድ አጠብኩት። ሲደርቅ ጋቢው ተኮማትሯል፣ ፊቱ ሁሉ ጉብ ጉብ፣ እንደ ክረምት መንገድ!

ወዲያው ገባኝ። ውስጡ ሲቀቀል አስቀድሞ ገብቷል፣ ከ2 ሜትር ከ60 ወደ 2 ሜትር ከ44 ወርዶ ነበር፣ ስሰፋ ትርፉን ከነጩ ላይ ቆርጬ አስተካክያለሁ። ነጩ ግን ገና ያልታጠበ ነው። አሁን ሲታጠብ እሱ ገባ፣ ውስጡ ባለበት ቀረ። ልብስ ሰፊ ሆኜ ገበርና ፊት እኩል ሳላጥብ ሰፋሁ። ኮት ላይ ባደርገው ደንበኛዬ ይገድለኛል።

ሌላም አለ። አንዱ ጥግ ላይ የቢጫ ጥላ ወደ ነጩ ወጥቷል፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል። እዚያ ጋ ሳለቀልቅ ታጥፎ ነበር መሰለኝ፣ ያልያዘው ታኒን ውስጡ ቀርቷል።

ፈታሁት። ስፌቱን ሁሉ። ሁለት ማታ።

መስከረም 22

ሁለተኛ ዙር። ነጩንም በሶዳ ቀቀልኩት። ውስጡን ሰባት ጊዜ አለቀለቅኩት፣ ውሃው ከጠራ በኋላም ሁለት ጊዜ። ከዚያ እርጥቡን በነጭ አቡጀዴ መሃል አስቀምጬ ድንጋይ ጭኜበት አሳደርኩ፣ አቡጀዴው ላይ ምንም ካልታየ ይሰፋል ብዬ። ምንም አልታየም። ሰፋሁት። አጠብኩት። ዝርግ ነው።

ጥጉ ላይ የነበረው ቢጫ አልለቀቀም። ሎሚ፣ ፀሐይ፣ ሁሉንም ሞከርኩ። የሚለቅ ቢሆን ኖሮማ ይሄን ሁሉ መች እደክም ነበር። ጥለቱን ትንሽ አስረዝሜ ሸፈንኩት።

መስከረም 25

ዋናው ፈተና። ጋቢውን ደግሜ አጥቤ፣ ሆን ብዬ በደንብ ሳላደርቅ አጥፌ እዚያው ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። አጠገቡ ከዚያው ከሼኽዬ ጨርቅ የተረፈ፣ ያልታከመ፣ አራት ድርብ አድርጌ የሰፋሁት ቁራጭ፣ እኩል እርጥብ። አባቴ "አሮጌው ይበቃኛል፣ ምን አስቸኮለሽ" እያለ ነው፣ ግን ሳጥኑን ሲያየው አይቼዋለሁ።

ወጪ ደመርኩ። ልጣጭ 1600፣ አቡጀዴ 640፣ አሉም 180፣ አሲድ 380፣ ቴርሞሜትርና ፒኤች ወረቀት 770፣ የጋቢው ጨርቅ 2400፣ ትራንስፖርትና ከሰል ወደ 900። 6870 ብር። ገበያ ላይ ደህና ጋቢ በዚህ ብር ሁለት ይገዛል። ግን ስህተቱን ካወጣችሁት ለአንድ ጋቢ ተጨማሪው ልጣጩና አሉሙ ነው፣ ከ700 እስከ 800 ብር። የጭማቂ ቤት ልጣጭ ቢገኝ ከዚያም ይወርዳል። የሽንኩርት ልጣጭና የሻይ አተላ መሞከር አለብኝ፣ እነሱ እንኳ ነፃ ናቸው።

ጥቅምት 16

ሳጥኑን ዛሬ ከፈትነው፣ ሦስት ሳምንት ሆነው። ያልታከመው ቁራጭ ከነሽታው ነው፣ ድርቡን ስተረትረው መሃሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። የጋቢውን አንድ ጎን ተርትሬ አየሁ። ውስጡ ንጹሕ ነው። ሽታው የረጠበ ጥጥ ሽታ ነው፣ የሻጋታ አይደለም። ነጩ ላይ ግን እጥፋቱ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር የተነካካበት ቦታ ሦስት ትናንሽ ነጥብ አገኘሁ። ነጩ አልታከመምና ይጠበቃል። በእንዶድ አሽቼ ሁለቱ ለቀቁ፣ አንዷ አለች።

እናቴ "ሳጥኑንስ ለምን አታክሚውም?" አለችኝ። ሳጥኑ የጥድ ነው፣ ከውስጡ የሰፈረውን ሻጋታ ማንም አልነካውም። ነገ አውጥቼ በወይራ አጥነዋለሁ፣ ለሱ እንኳ ጭስ ይበቃው ይሆናል።

አባቴ የተረተርኩትን ጎን ሳልሰፋው ለብሶት ወጥቷል። ሼኽዬ ደግሞ ለራሳቸው አንድ እንዳደርግላቸው ልከውብኛል፣ ልጣጩን እሳቸው ሊችሉ።